ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ለማድረግ ለምታስቡ ጀማሪዎች፦ መጀመሪያ የሙቀት ንባብን ልመዱ

ሽቦና ቅባት (ይህን የውይይት ክር የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ዋና አስሊ ቺፕ፣ ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ነው። «ፕሮሰሰሬ እስከ ስንት ጊጋኸርዝ ይወጣልኛል?» የሚል ጥያቄ እዚህ በየጊዜው ይነሣል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ የማባዣ ቁጥርና አንድ የቮልቴጅ መጠን ብቻ ይሆንና ጠያቂው ያንን ባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ጽፎ፣ ኮምፒውተሩ አልነሣ ሲለው ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ጥያቄ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ ስለማምን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ ፕሮሰሰሩ አሁን፣ ምንም ሳይነካ፣ በስንት ዲግሪ ይሠራል? ይህን የማያውቅ ሰው ኦቨርክሎክ ሲያደርግ ያተረፈውንም የከሰረውንም መለየት አይችልም።

የምጽፈው በራሴ ማሽን ላይ ያየሁትን ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5-9600ኬ፣ ማዘርቦርዱ ዜድ390፣ ማቀዝቀዣው ባለ አንድ 120 ሚሊሜትር ፋን ታወር ኩለር ሲሆን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሥራዬም ቪዲዮ ማቀናበር ነው።

በቅድሚያ ማሽናችሁ ነገሩን የሚፈቅድ መሆኑን አረጋግጡ። ኢንቴል ማባዣውን ክፍት የሚተወው በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» ወይም «ኬኤፍ» ላለባቸው ፕሮሰሰሮች ሲሆን፣ ማዘርቦርዱም የ«ዜድ» ቺፕሴት (ማዘርቦርዱ የሚፈቅደውን የሚወስነው ቺፕ) ያለው መሆን አለበት። የኤኤምዲ ራይዘን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶቹ በቀር ክፍት ናቸው፤ ሆኖም ኤ320 እና ኤ520 ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች ስለማይፈቅዱ ቢ450፣ ቢ550፣ ኤክስ570 ወይም ተመሳሳይ ያስፈልጋል። ላፕቶፕ ያላችሁ ከዚህ ክር ብዙም አትጠቀሙም።

የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚገኘው 100 ሜጋኸርዝ የሆነው መነሻ ምት በማባዣው ሲባዛ ነው፤ ማባዣው 43 ከሆነ 4.3 ጊጋኸርዝ፣ 47 ከሆነ 4.7 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ጀማሪ ሰው መነሻውን ምት ትቶ ማባዣውን ብቻ ቢነካ ይሻላል፤ መነሻው ሲቀየር ራሙም አብሮ ስለሚጎተት፣ ስሕተት ሲመጣ ከየት እንደ መጣ መለየት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ እያለ የሚበላው ኃይል፣ ማለትም የሚያወጣው ሙቀት፣ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው በካሬ ነው። የእኔ ፕሮሰሰር ስድስቱም ኮሮች (በውስጡ ያሉት የስሌት ክፍሎች) ሲሠሩ በፋብሪካ ቅንብሩ 4.3 ጊጋኸርዝ ይሮጣል። ለዚህ 1.20 ቮልት ይበቃዋል እንበልና፣ ወደ 4.7 ጊጋኸርዝ ለማውጣት 1.35 ቮልት ብንሰጠው ፍጥነቱ በ9 ከመቶ ገደማ ሲጨምር ሙቀቱ በ38 ከመቶ ገደማ ያድጋል። ያው 4.7 ጊጋኸርዝ በ1.25 ቮልት ቢገኝ ግን የሙቀቱ ጭማሪ 19 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ፍጥነት፣ የጭማሪው ሙቀት ግን እጥፍ! ስለዚህ አብዛኛው ድካማችሁ የሚያልቀው ለተፈለገው ፍጥነት የሚበቃውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ በማደን ነው። ማዘርቦርዱ ቮልቴጁን «አውቶ» ላይ ስትተዉለት ማሽኑ እንዳይወድቅበት በልግስና ይጨምራል፤ ብዙ ሰው «ኩለሬ ደካማ ነው» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳትነኩ ለክታችሁ ጻፉ። ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዳችሁ ሴንሰሮቹን ብቻ ክፈቱ፤ ቀለል ያለ የሚፈልግ ኮር ቴምፕ ይበቃዋል። ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ኤልኤም-ሴንሰርስን ጫኑ። የምታዩት አራት ነገር ነው፤ የእያንዳንዱ ኮር ሙቀት፣ የሙሉው ፕሮሰሰር ሙቀት፣ የሚበላው ዋት እና እውነተኛው የኮር ቮልቴጅ። «አሁን» የሚለውን ዓምድ ብቻ አትመልከቱ፤ «ከፍተኛ» የሚለው ነው ሳታዩት ያመለጣችሁን የሚነግራችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የክፍሉን ሙቀት በተራ ቴርሞሜትር ለክታችሁ ከጎኑ ጻፉ። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 62 ቢያሳይ ልዩነቱ 42 ነው። በበጋ ከሰዓት ክፍሉ 27 ሲደርስ ፕሮሰሰሩ 69 ቢያሳይ ልዩነቱ ያው 42 ስለሆነ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ልዩነቱ ራሱ በወራት ውስጥ ከ42 ወደ 50 ከሄደ ግን አቧራ ሞልቷል፣ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባው ፔስት ደርቋል ወይም ፋኑ ደክሟል ማለት ነው።

ለፈተና ፕሮሰሰሩን በከባድ ሥራ የሚያስጨንቀውን ሲኔቤንች አር23 የተባለ ፕሮግራም ለአሥር ደቂቃ ማስኬድ ለመጀመሪያ ንባብ ይበቃል። ሌላው የፈተና ፕሮግራም ፕራይም95 በትንንሾቹ ስሌቶች ሲሠራ ከዕለት ተዕለት ሥራ እጅግ በላይ የሚያሞቅ ስለሆነ የኩለሩን ወሰን ለማየት እንጂ ለመደበኛ መለኪያ አልጠቀምበትም። የእኔ ፕሮሰሰር 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እኔ ግን በሥራ ላይ 80ን፣ በከባዱ ፈተና 85ን እንዳያልፍ ወስኛለሁ፤ ይህ የእኔ ጥንቃቄ እንጂ የፋብሪካው ሕግ አይደለም።

ከዚህ በኋላ አካሄዱ ቀላል ነው። ባዮስ ገብታችሁ ቮልቴጁን 1.25 ላይ አስራችሁ ማባዣውን 45 አድርጉና ፈትኑ፤ ካለፈ 46፣ ከዚያ 47 እያላችሁ አንድ በአንድ ውጡ። ሰማያዊ ስክሪን (ዊንዶውስ ሲወድቅ የሚያሳየው) ሲመጣ ወይም ፈተናው ስሕተት ሲያሳይ ሙቀቱን ተመልከቱ። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ቮልቴጁን በ0.01 ጨምሩ፤ ሙቀቱ ከወሰናችሁት ካለፈ አንድ ማባዣ ውረዱ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አትቀይሩ። ራሙን በኤክስኤምፒ (በባዮስ ውስጥ ባለው ዝግጁ የራም ፍጥነት ቅንብር) ማፍጠን የምትፈልጉም ፕሮሰሰሩ እስኪረጋ አቆዩት።

እኔ የቆምሁት 4.7 ጊጋኸርዝ በ1.25 ቮልት ላይ ነው። 4.9ንም ሞክሬው ነበር፤ ሠርቷል፣ ነገር ግን በፈተና 88 ዲግሪ ስለ ደረሰና የፋኑ ጩኸት ቤተሰቡን ስላማረረ ተውሁት። አንድ ሰዓት ይወስድ የነበረ ሥራ አሁን በ55 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ከዚህ የበለጠ ተአምር የሚጠብቅ ሰው ቢያዝን አልደነቅም።

---

የጀሞው ልጅ

ጋሽ ሽቦ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም ግልጽ ነው። እኔም ያው 9600ኬ በቅርቡ ከሰው ገዝቼ እንደ ነገሩኝ ከመንካቴ በፊት ኤችደብሊው ኢንፎን ከፈትሁ። ኮሮቹ ያለ ሥራ 31 እና 33 ዲግሪ ናቸው፤ ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ሥር «ኦክስቲን» የሚል አንድ ሴንሰር 115 ዲግሪ ያሳያል። ማሽኑን ወዲያውኑ አጠፋሁት። ሊቃጠል ነው?

ሽቦና ቅባት

ወንድሜ፣ አይዞህ፣ አብራው። እነዚህ ረዳት ሴንሰሮች በማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ ቦታ ቢኖራቸውም ብዙ ጊዜ ምንም ነገር አልተገናኘባቸውም፤ ያልተገናኘ ሴንሰር ደግሞ የማይሆን ቁጥር ያነባል። መለያው ቀላል ነው፤ ሲኔቤንችን አስጀምርና ተመልከተው። ኮሮቹ ከ31 ወደ 60 ሲወጡ እርሱ 115 ላይ ተገትሮ ከቀረ የሚለካው ነገር የለም ማለት ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ደብቀው። ነገር ግን «ቪአርኤም» የሚል ካገኘህ እርሱን አትደብቅ፤ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀብሉት ክፍሎች ሙቀት ስለሆነ ኦቨርክሎክ ስታደርግ አብሮ ይወጣል፣ በርካሽ ማዘርቦርድ ላይም ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የሚያቅተው እርሱ ሊሆን ይችላል።

---

ደጋ አየር

በጽሑፉ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ አገር ላለ ሰው የሚጠቅም ስለሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም፣ በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። በመሆኑም የውጭ ገምጋሚዎች በዝቅተኛ ቦታ የለኩትን የኩለር ውጤት በቀጥታ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ በአንድ ዓይነት ኩለርና በአንድ ዓይነት ዋት የእኛ ልዩነት በጥቂት ዲግሪዎች ከፍ ይላል። «ኩለሬ አስመስሎ የተሠራ ይሆን?» እያሉ የሚጨነቁ ሰዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው።

በሌላ በኩል ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው። ለሳሳው አየር የከፈልነውን ዕዳ የሐምሌ ብርድ ይመልስልናል።

ሽቦና ቅባት

ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ የእኔ ንባብ ከገምጋሚዎቹ በአምስት ዲግሪ ገደማ ለምን እንደሚበልጥ ሳወጣ ሳወርድ ነው የኖርሁት። እናመሰግናለን።

---

ከዱባይ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ግን በመሠረቱ አልስማማም። ለ9 ከመቶ ፍጥነት ይህን ሁሉ ፈተና፣ ሰማያዊ ስክሪንና የዋስትና ስጋት መሸከም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ዋስትናውም የዋዛ አይደለም፤ አምራቾቹ ከተፈቀደው ወሰን ውጭ በመሮጡ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። እኔ የምኖርበት ቦታ በበጋ ኤሲው ለጥቂት ሰዓታት ከጠፋ ክፍሉ 36 ዲግሪ ይደርሳል። የእናንተ የ42 ልዩነት እዚህ 78 ዲግሪ ማለት ነው፤ ያውም ኦቨርክሎክ ሳይደረግ። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው፤ ፍጥነቱን በፋብሪካው ትቼ ቮልቴጁን በ0.06 ዝቅ አደረግሁት። በዚያው ፍጥነት በስምንት ዲግሪ ቀዘቀዘ፣ ፋኑም ዝም አለ።

ሽቦና ቅባት

እርስዎ ባሉበት ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ቮልቴጅ መቀነስም ቢሆን የዚሁ ሥራ ሌላ ገጽ ነው፤ መለኪያው ያው፣ ፈተናው ያው። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ ቮልቴጅ የተቀነሰበት ማሽንም ልክ እንደ ኦቨርክሎክ ሊወድቅ ስለሚችል «ቀዝቅዟል፣ ስለዚህ ደኅና ነው» ብሎ ፈተናውን መዝለል አይገባም። ከሰዓቱ የምትተርፈው አምስት ደቂቃ ምን ያህል ትጠቅማለች በሚለው ላይ ግን ሥራችን ይለያየናል። ቀኑን ሙሉ ሪንደር ለሚያደርግ (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል ለሚያወጣ) ሰው አምስት ደቂቃው ይደማመራል፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ግን ምንም ነው።

---

ሰሚት 6

እኔ ራይዘን 5 5600ኤክስ ነው ያለኝ፣ ከቢ550 ማዘርቦርድ ጋር። እንደ ተጻፈው ማባዣውን በሁሉም ኮሮች ላይ 45 ብዬ አሰርሁት። በሲኔቤንች የሁሉም ኮሮች ውጤት ትንሽ ጨመረ፤ የአንድ ኮር ውጤት ግን ቀነሰ። ምን አጠፋሁ?

ቁልቁል ኩርባ

እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም፤ ራይዘን ጠባዩ ሌላ ስለሆነ ነው። የአንቺ ፕሮሰሰር ሥራው ቀላል ሲሆን አንድ ኮርን እስከ 4.6 ጊጋኸርዝ ራሱ ያወጣል። ሁሉንም 4.5 ላይ ስታስሪው ያንን መብት ነጠቅሽው። ማባዣውን ወደ «አውቶ» መልሺና በባዮስ ውስጥ ፒቢኦ የሚባለውን (ራይዘን ፍጥነቱን በራሱ የሚያሳድግበትን ወሰን የሚያሰፋ ቅንብር)፣ በእርሱም ሥር «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» የሚለውን ፈልጊ። ሁሉንም ኮሮች በአሉታዊ 10 ጀምሪ፤ እያንዳንዱ ኮር ለአንድ ፍጥነት የሚወስደው ቮልቴጅ ትንሽ ይቀንሳል፣ ፕሮሰሰሩም የተረፈውን የሙቀትና የዋት ቦታ ራሱ ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። በፋብሪካ ቅንብሩ 76 ዋት ላይ ስለሚገደብ ተራ ታወር ኩለር ይችለዋል፤ ከፍተኛ ወሰኑም 95 ዲግሪ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ቅንብር ሲበዛበት የሚወድቀው በከባድ ፈተና ላይ ላይሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ፈተና አልፎ ጠዋት ሻይ ልትጠጪ ስትነሺ፣ ያለ ሥራ በተቀመጠበት ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ምክንያቱም ኮሮቹ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚነኩት ጭነቱ ቀላል ሲሆን ነው። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት እንደ ወትሮሽ ተጠቀሚበት እንጂ በአንድ ፈተና አትርኪ። ሌላም፣ ያለ ሥራ ቮልቴጁ ለቅጽበት 1.4 ቮልትን ሲያልፍ ብታዪ አትደንግጪ፤ በዚያን ጊዜ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ ለራይዘን የተለመደ ነው። ራስሽ በቋሚነት የምታስሪው 1.4 ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

---

አዲስ ገቢ

እኔ ከቢሮ የወጣ ኮምፒውተር ነው የገዛሁት፤ አይ5-8500 ነው። ባዮሱ ውስጥ ማባዣ የሚባል ነገር አጣሁ።

ደጋ አየር

«ኬ» የለውም፣ ስለዚህ ተዘግቷል። ገንዘብዎን ራም ላይ ያውሉት፤ አንድ ራም ብቻ ካለው ተመሳሳዩን ሁለተኛ ጨምረው በጥንድ እንዲሠሩ ያድርጉ። ኩለሩን ነቅለው አቧራውን ያጽዱና ፔስቱን ይቀይሩ። ለዓመታት ያልተከፈተ ማሽን ሙቀት ሲበዛበት በራሱ ይዘገያልና ያጣውን ፍጥነት በዚህ ብቻ ሊመልሱ ይችላሉ።

የተላጠ ላስቲክ

ኩለር ነቅሎ መመለስ ከተነሣ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አዲስ ኩለር ገጥሜ ማሽኑን ሳስነሣ ገና ዊንዶውስ ሳይከፈት 90 ዲግሪ አለፈ፤ ሲኔቤንችን ስጀምር በሰከንዶች ውስጥ 100 ነክቶ ፍጥነቱ ወደ 2 ጊጋኸርዝ ወረደ። ፔስቱ መጥፎ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ቀየርሁት። በሦስተኛው ስነቅለው፣ ኩለሩ ፕሮሰሰሩን በሚነካበት ገጽ ላይ ያለችው ስስ መከላከያ ላስቲክ አሁንም እንደ ተለጠፈች ናት! በላይዋ ላይ «ከመግጠምዎ በፊት ያስወግዱ» ተብሎ ተጽፎባታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። ሙቀቱ እንዲያ በቅጽበት ከተተኮሰ ችግሩ የኩለሩ ንክኪ ነው፤ ቀስ እያለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ግን የኬዙ (የማሽኑ ሳጥን) አየር ነው። በጎን ያለውን ሽፋን ከፍታችሁ እንደገና ለኩ፤ በአምስትና ስድስት ዲግሪ ከወረደ ኬዙ አየር አያስገባም።

---

ከዱባይ

አንድ ጠቃሚ ነገር ረሳን። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ በተለይም የ«ኬ»ዎቹ ባለቤቶች፣ ኦቨርክሎክ ከማሰባችሁ በፊት ባዮሱን አድሱ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል ራሱ እንዳመነው አንዳንዶቹ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየተሰጣቸው በጊዜ ብዛት ይጎዱ ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ማስተካከያ ማይክሮኮድ (ከባዮሱ ጋር የሚመጣ የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መመሪያ) አወጣ፣ የዋስትናውንም ዘመን በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም።

ሽቦና ቅባት

ትክክል ነው። ባዮስ የምታድሱም መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አታድርጉት፤ ዩፒኤስ ካላችሁ በእርሱ ላይ ሰክታችሁ አድርጉ። እድሳቱ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ኦቨርክሎኩ ራሱ አልነሣ ቢል ግን ይህን ያህል አያስፈራም። ገመዱን ከግድግዳው ነቅላችሁ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ የ3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች አውጥታችሁ ብትመልሷት ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ከዚያ በፊት ቅንብራችሁን በስልክ ፎቶ ብታነሡት ሁሉንም እንደገና ከማስታወስ ትድናላችሁ።

---

የጀሞው ልጅ

ከአሥር ቀን በኋላ ተመለስሁ። እንደ ተባለው ሳምንቱን ሙሉ ሳልነካ ጻፍሁ፤ ክፍሌ 21፣ ሲኔቤንች ላይ 63 ዲግሪ፣ ልዩነት 42፤ ከጋሽ ሽቦ ምሳሌ ጋር መግጠሙ አስቆኛል። ከዚያ በ1.25 ቮልት 45 እና 46 አለፉ። 47 ላይ ሲኔቤንች ለሠላሳ ደቂቃ ያለ ምንም ችግር ሮጠ፤ ሙቀቱም 73 ነበር። ደስ ብሎኝ ልጽፍላችሁ ስል ኤችደብሊው ኢንፎ ግርጌ ላይ የዊንዶውስ ሃርድዌር ስሕተቶች በሚለው መስመር ላይ 3 የሚል ቁጥር አየሁ። ማሽኑ ግን አልወደቀም። ይህ ይታለፋል?

ሽቦና ቅባት

አይታለፍም፤ ያንን መስመር ማየትህ ግን ጎበዝ ያሰኝሃል፣ እኔ በጽሑፌ ላይ ልጠቅሰው ይገባኝ ነበር። ፕሮሰሰሩ ተሳስቶ፣ ስሕተቱን ራሱ ይዞ አርሞታል ማለት ነው። ዛሬ የታረመው ነገ ሳይታረም ፋይልህን ሊያበላሽ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ሊያመጣ ይችላል። ሙቀትህ 73 ስለሆነ ቦታ አለህ፤ 1.26 ሞክር፣ አሁንም ቁጥሩ ከዜሮ ከተነሣ 1.27። የእኔ ፕሮሰሰር በ1.25 ስላለፈ ያንተም ማለፍ አለበት ማለት አይደለም፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቺፖች እንኳ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ አይፈልጉም።

የጀሞው ልጅ

1.27 ላይ ሁለት ሰዓት ፈተንሁት፤ ስሕተት ዜሮ፣ ከፍተኛው ሙቀት 76፣ ክፍሉ 22። ነገ የትምህርት ቤት ፕሮጀክቴን ሪንደር ሳደርግ አያለሁ፤ እስከዚያ 4.8ን አልነካም።